የአስተያየት መዝገቡን ማን ያነበዋል?

ከ11 ዓመት በኋላ ከቶሮንቶ መጥቼ፣ መንዝ ተወልደው ያደጉትን እናቴን ይዤ ሰሜን ሸዋን ጎበኘሁ። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን 130 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ያደረሰን ሹፌር ጠንቃቃ ነበር፤ ማረፊያችንም ንጹሕ ነበር። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ በኋላም የምኒልክ መናገሻ በነበረችው አንኮበር ያስጎበኘን ወጣት የቤተ መንግሥቱን የግንብ ፍርስራሽ ሲያሳየን ታሪኩን የሚያውቀው በፍቅር እንደሆነ ያስታውቅ ነበር፤ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ቅር ያሰኘኝ በዞኑ የሚገኝ አንድ አነስተኛ ሙዚየም ነው። በመስታወት ውስጥ ታጥፎ ከተቀመጠ ጥቁር ልብስ ሥር «ጥንታዊ ካባ» ተብሎ ተጽፏል። እናቴ ጠጋ ብለው ካዩት በኋላ አስጎብኚውን፣ «ልጄ፣ ይኼ እኮ በርኖስ ነው» አሉት። ሴቶች የበጉን ጠጉር እንደሚፈትሉ፣ ሸማኔዎች እንደሚሠሩት፣ በትከሻው ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሹል እንዳለው፣ እሱም በአስተጣጠፉ ምክንያት ከሥር ተደብቆ እንደቀረ በጣታቸው እያመለከቱ አስረዱት። ወጣቱ በጥሞና ካዳመጠ በኋላ፣ «እማማ፣ ጽሑፉን መቀየር የእኔ ሥልጣን አይደለም፤ መዝገቡ ላይ ያስፍሩልን» አላቸው።

እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ጻፍኩ። ለአስተያየት የተተወው ዓምድ ሁለት ጣት የማይሞላ ስለነበር ጽሑፌ እስከ ጠርዙ ወረደ። ገጾቹን ወደ ኋላ ስገልጥ ግን ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጎብኚ «ካባ የተባለው በርኖስ ነው» ብሎ ጽፎ አገኘሁ። የመለሰለትም፣ ያረመውም የለም።

ሙዚየሙ የገንዘብ ችግር እንዳለበት አይጠፋኝም። ይሁን እንጂ መዝገቡን በየወሩ አንብቦ ምን እንደታረመና ምን እንዳልታረመ በበሩ ላይ መለጠፍ ከአንድ ወረቀት በላይ ወጪ የለውም። እንደ እናቴ ያሉ፣ ዕቃውን በእጃቸው የሠሩና የለበሱ ሰዎች ሲመጡ ደግሞ ፈቃዳቸውን ጠይቆ ድምፃቸውን በስልክ መቅዳት ይቻላል፤ ይህን የሚያውቀው ትውልድ ዕድሜው እየገፋ ስለሆነ ጉዳዩ ጊዜ አይሰጥም።

አያቴ የለበሱት በርኖስ ዛሬም እናቴ ቤት አለ። ሹሉ በግልጽ እንዲታይ በሰው ትከሻ ላይ አድርገን ፎቶግራፍ አንስተነዋል፤ ከመመለሴ በፊት ከእናቴ ማብራሪያ ጋር ለሙዚየሙ አደርሳለሁ።