አንድሮይድና አይፎን፦ ልዩነቱ ጥቃቅኑ ላይ ነው

የመጀመሪያው አይፎን በ2007፣ የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ነው የወጡት። ከዚያ ወዲህ ሲኮራረጁ ስለኖሩ ዛሬ ካሜራና ፍጥነት ብዙም አይለያቸውም። የሚለያቸው በየደቂቃው የምንነካካው ነገር ነው።

ወደኋላ መመለስን እንይ። አንድሮይድ ላይ ከግራም ሆነ ከቀኝ ጠርዝ በአውራ ጣት ሳብ ማድረግ ይበቃል። አይፎን ላይ በአብዛኛው ከግራ ወደ ቀኝ መሳብ ብቻ ነው። አንዳንዱ አፕ ደግሞ ላይኛው ጥግ ያለችውን ቀስት ካልነካችሁ ንቅንቅ አይልም። ትልቅ ስልክ በአንድ እጅ ለያዘ ሰው ያናድዳል።

ፋይል ላይም አንድሮይድ ይቀናኛል። ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ በገመድ ሰክታችሁ ስልኩ ላይ ፋይል ማስተላለፊያውን ስትመርጡ ሙዚቃው፣ ሰነዱ፣ ፎቶው በየፎልደሩ ይታያል፤ መገልበጥ ብቻ ነው። አይፎን በዚህ መንገድ የሚያሳየው ፎቶና ቪዲዮ ነው። ማክ (የአፕል ኮምፒውተር) ላላቸው ግን ኤርድሮፕ የሚባል ያለ ገመድ ፋይል መላላኪያ አለ፤ እሱ እያለ ገመድ ማን ያስታውሳል?

ዕድሜ ላይ አይፎን የታመነ ነው። በ2018 የወጣው አይፎን ኤክስ ኤስ የ2024ቱን የአይፎን ሶፍትዌር፣ አይኦኤስ 18ን ተቀብሏል። አንድሮይድ እንደ አምራቹ ነው። ጉግል ለፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ለጋላክሲ ኤስ24 የ7 ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብተዋል። በርካሹ ጎራ ግን ብዙ ስልክ ቶሎ ይረሳል። ስትገዙ ይህን ጠይቁ፤ ከካሜራው ሜጋፒክስል ይበልጣል።

እኔ ለራሴ አንድሮይድ እይዛለሁ። ሴቲንግ መነካካት ለሚሰለቸው ዘመዴ ግን አይፎን ግዛ ነው የምለው።