የቤት ሰርቨርን ራውተር ለማድረግ፦ ያገለገለ ዴስክቶፕ ይሻላል ወይስ ሚኒ ኮምፒውተር?

ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲናና ከሸዋ ሮቢት የሚደውሉልኝ ወዳጆች የሚያነሡት ጥያቄ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ቤታቸው ብሮድባንድ አስገብተዋል፤ ፋይሎቻቸውንና የልጆቻቸውን የትምህርት ቪዲዮ የሚያስቀምጡበት ሰርቨርም ይፈልጋሉ፤ ይኸው ሰርቨር ኢንተርኔቱንም እንዲያከፋፍል ከተፈለገ የሚገዛው ትልቁ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው ወይስ ትንሹ ሚኒ ኮምፒውተር? መልሴ ሚኒው ነው። ሚኒ ስል ለቢሮ ተሠርተው ከጥቂት ዓመታት አገልግሎት በኋላ ወደ ገበያ የሚወጡትን የሌኖቮ ታይኒ፣ የኤችፒ ሚኒና የዴል ማይክሮ ዓይነቶችን ማለቴ ነው።

ሰርቨሩ ራውተር መሆኑ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው ዋናው ጥቅም የወረፋው መስተካከል ነው። በቀጭን መስመር ላይ አንድ ሰው ረጅም ቪዲዮ በቴሌግራም ሲልክ፣ ተራው ሞደም የሚላከውን ሁሉ ስለሚያጉር የሌሎቹ ጥሪ ከዚያ ኋላ ቆሞ ይቆራረጣል። ሊኑክስ በተባለው ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ የሚገኙት ኤፍኪው-ኮደል እና ኬክ የተባሉት የወረፋ ማደላደያ ዘዴዎች ይህን ይፈታሉ፤ የፍጥነቱን ገደብ ከመስመሩ ትክክለኛ ፍጥነት ጥቂት ዝቅ አድርገው፣ ለምሳሌ 90 በመቶ ላይ፣ ቢያስቀምጡት ቪዲዮው እየተላከም ጥሪው ይሰማል። ለዚህ ሥራ ከ10 ዓመት በፊት የተሠራ ባለሁለት ኮር ፕሮሰሰር ይበቃል፤ ስለዚህ ሻጩ ስለ ፕሮሰሰር ትውልድ የሚያወራውን ማለፍ ይቻላል።

ወደ ዋጋው እንምጣ። በግዢው ቀን ዴስክቶፑ እንደሚረክስ አልክድም፤ ነገር ግን ሰርቨርና ራውተር ሌት ተቀን የሚበራ ዕቃ ስለሆነ ሒሳቡ በዚያ ቀን አይዘጋም። ዴስክቶፕ ብዙ ሥራ ሳይኖረው እንኳ 60 ዋት ገደማ ይወስዳል ብንል በወር 43 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ሚኒው በ12 ዋት ቢሠራ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። ልዩነቱ በዓመት 420 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። የአገራችን የቤት ታሪፍ ደግሞ በእርከን የተከፈለ ነው፤ የመጀመሪያው እርከን በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ሲሆን ከዚያ በላይ ያለው እየተወደደ ይሄዳል። እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋገርበት ቤት ቀድሞውንም ከመጀመሪያው እርከን ያለፈ በመሆኑ፣ ዴስክቶፑ የሚበላው ኃይል የሚታሰበው በላይኛው እርከን ዋጋ ነው። ታሪፉም ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ፣ ገዢው ይህን የ420 ኪሎዋት ሰዓት ልዩነት በራሱ እርከን ዋጋ አባዝቶ ከሁለቱ ዕቃዎች የዋጋ ልዩነት ጋር ያስተያየው።

ከፍጆታው ይልቅ ብዙ ሰው የሚያማርረው ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚሆነው ነው። አንድ የደብረ ብርሃን መምህር ወዳጄ ከአዲስ አበባ ዴስክቶፕ አስመጥቶ ራውተር ካደረገው በኋላ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ኢንተርኔቱ አብሮ ይጠፋና እሱ ከሥራ እስኪመለስ ድረስ ቤተሰቡ ይጠብቅ ነበር። ችግሩ በእናት ቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባል ክብ ባትሪ መሞቷ ነበር፤ ይህች ባትሪ ስትሞት ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው መሠረታዊ ፕሮግራም) መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲነሣ የሚያዘውን ቅንብር ይረሳል፣ ሰዓቱም ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ኮምፒውተሩም አንድ ሰው የኪቦርድ ቁልፍ እስኪጫንለት ቆሞ ይቀራል። ሰዓቱ የተዛባ ራውተር ቢነሣም እንኳ የድረ ገጾችን የደኅንነት ሰርተፊኬት መመርመር ስለሚያቅተው ሌላ ችግር ይከተላል። ሚኒውም ይህች ባትሪ አለችው፤ ስለዚህ የትኛውንም ቢገዙ በመጀመሪያው ቀን በአዲስ ይለውጧት። በትልቁ ዴስክቶፕ ላይ ግን ያረጀው ፓወር ሰፕላይ ይጨመራል፤ በውስጡ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ከተነፋፉ መብራት ሲመለስ ማሽኑ አንዴ ይነሣል፣ አንዴ እምቢ ይላል፤ እሱን መቀየር ደግሞ በግዢው ቀን ተረፈ የተባለውን ብር መልሶ ይወስዳል።

ራውተር አንድ የኔትወርክ ቀዳዳ ለመስመሩ፣ አንድ ደግሞ ለቤቱ ይፈልጋልና፣ ለዴስክቶፕ የሚቀርበው መከራከሪያ ሁለተኛ የኔትወርክ ካርድ ይሰካበታል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን የኢንቴል ስም የታተመባቸው ፎርጅድ ካርዶች በዓለም ገበያ የተለመዱ ናቸው፣ በዓይን አይቶ መለየትም አስቸጋሪ ነው። ካርዱን ሻጩ ጋ ኮምፒውተር ላይ አሰክተው የማክ አድራሻውን፣ ማለትም የካርዱን መለያ ቁጥር፣ ያንብቡ፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ፊደላትና ቁጥሮች የአምራቹ መለያ ናቸውና በኢንቴል ስም ካልተመዘገቡ፣ ወይም ካርዱ ላይ ከተለጠፈው ጋር ካልተስማሙ፣ አይግዙት። ፎርጅድ ካርድ የሚብሰው ወዲያው አለመሞቱ ነው፤ ጥቂት ሲጫኑት እየጋለ መስመሩን ይጥላል፣ ሰውም ጥፋቱን በአገልግሎት ሰጪው ላይ እየጣለ ወራት ያልፋሉ።

ሚኒው በአብዛኛው አንድ የኔትወርክ ቀዳዳ ብቻ አለው። መፍትሔው ቪላን (አንዱን ኬብል እንደ ተለያዩ መስመሮች የመከፋፈል ዘዴ) የሚያውቅ አነስተኛ ስዊች፣ ማለትም የኔትወርክ ኬብሎች ማገናኛ፣ ለምሳሌ የቲፒ-ሊንክ ቲኤል-ኤስጂ105ኢ ዓይነት፣ ጨምሮ የመስመሩንና የቤቱን ትራፊክ በአንድ ኬብል ላይ ለይቶ ማስኬድ ነው። የስዊቹን ዋጋ ከመጀመሪያው በሒሳብ ውስጥ ያስገቡ። በዩኤስቢ የሚሰካ የኔትወርክ አዳፕተርም ይሠራል፤ ሆኖም ሌት ተቀን ለሚሠራ መስመር እኔ ስዊቹን እመርጣለሁ። ሌላው የሚኒው ደካማ ጎን የኃይል አዳፕተሩ ነው፤ ለምሳሌ ዴል ማሽኖች አዳፕተሩ የራሳቸው መሆኑን ስለሚመረምሩ፣ ያልታወቀ አዳፕተር ሲሰካባቸው የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ዝቅ ያደርጋሉ። ስለዚህ ዋናውን አዳፕተር አብረው ሳይቀበሉ ገንዘብ አይክፈሉ።

በሶፍትዌር በኩል፣ ዴስክቶፕ ላይ ብዙዎች የሚጭኗቸው ፒኤፍሴንስና ኦፒኤንሴንስ የተባሉት የራውተር ሶፍትዌሮች ፍሪቢኤስዲ በተባለ ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ የተመሠረቱ ሲሆኑ፣ ከሪልቴክ የኔትወርክ ቺፖች ጋር ብዙ ጊዜ አይስማሙም። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ቺፑን አይመርጥምና በሊኑክስ ላይ የተመሠረተው ኦፕን-ደብሊውአርቲ ወይም ዴቢያን ይሻለዋል።

ኬብሉን ችላ አይበሉት። መዳብ ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ አሉሚኒየም ሆነው በመዳብ የተለበጡ አሉ፤ አንዷን ክር በምላጭ ፋቅ አድርገው ነጭ ከወጣ ይመልሱት።

የመጠባበቂያ ኃይሉም ለሚኒው ይመሰክራል። በአነስተኛ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ አዲስ ሲሆን 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ይህ ለዴስክቶፑ ብቻ በወረቀት ላይ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ሚኒው፣ ስዊቹና ሞደሙ በድምሩ 20 ዋት ቢወስዱ ግን በወረቀት ላይ አራት ሰዓት ነው። በተግባር ሁለቱም ያንሳሉ፣ ልዩነቱ ግን ያው ይቆያል።

ሰርቨር የማይፈልግ ሰው ከሁለቱም አንዱን አይግዛ። የማይክሮቲክ ኸክስ የተባለው ባለ አምስት ቀዳዳ ራውተር በፋብሪካው ዝርዝር 60 ዶላር ገደማ ነው፤ ይህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በነበረው የ57 ብር ምንዛሪ 3,400 ብር ያህል የነበረ ሲሆን፣ ዶላር ከ100 ብር ካለፈ በኋላ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይታሰብ ከ6,000 ብር በላይ ሆኗል። አርቢ750ጂአር3 የተባለው ሞዴሉ ከ8 እስከ 30 ቮልት ስለሚቀበል በቀጥታ ከ12 ቮልት ባትሪ ይሠራል፤ ለሶላር ተጠቃሚ ቤት ከዚህ የሚሻል አላውቅም።

ሚኒውን የገዛ ሰው የመስመሩ ሞደም ወደ ብሪጅ፣ ማለትም ራሱ ሳያከፋፍል መስመሩን በቀጥታ ለሰርቨሩ ወደሚያሳልፍበት ሁኔታ፣ እንዲቀየርለት ይጠይቅ፤ የመለያ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሰርቨሩ ላይ ሲያስገባም ኤምቲዩውን (በአንድ ጊዜ የሚላከውን የመረጃ ጥቅል ትልቁን መጠን) 1492 ያድርገው። ሞደሙ ካልተቀየረለትም ሰርቨሩን ከሞደሙ ኋላ ሰክቶ መጠቀም ይችላል፤ ከውጭ ወደ ቤት የሚገባ ግንኙነት ካልፈለገ የሚጎድልበት ነገር ጥቂት ነው። ለዋይፋይ ደግሞ ቤት ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ራውተር ካለ፣ ዲኤችሲፒውን (ለመሣሪያዎች አድራሻ የማደል ሥራውን) አጥፍቶ ስዊቹ ላይ ይሰካውና ሌላ ወጪ አያውጣ።