ከቅመም መደብር እስከ ፋርማሲ፦ ለአንጀት ብግነት የሚሸጡ የቤት መድኃኒቶች ሲመዘኑ

ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሳምንታት ሲያስቆጥር መጀመሪያ የሚሞከረው ጓዳ ያለው ነው፤ ተልባ፣ እርድ፣ አብሽ፣ እሬት፣ ጥቁር አዝሙድ። ሁሉም «ለአንጀት ፍቱን» እየተባሉ ይሸጣሉ። እዚህ የምንመዝናቸው ግን ለማንኛውም የሆድ ሕመም ሳይሆን አልሰራቲቭ ኮላይተስ እና ክሮንስ ለሚባሉት ሁለት የአንጀት ብግነት በሽታዎች ነው። መመዘኛችን አንድ ነው፦ ሆድን ማስታገስ ሌላ፣ ቁስሉን ማድረቅ ሌላ። ቁርጠት ለዘብ ስላለና ጋዝ ስለቀነሰ ብቻ አንጀት ውስጥ ያለው ቁስል ጠግጓል ማለት አይደለም። ደሙ ቆሟል ወይ? የሌሊት ተቅማጡ ቀርቷል ወይ? ክብደቱ ተመልሷል ወይ? የብግነት መለኪያዎቹ፣ የደም ምርመራው ላይ ሲአርፒ፣ የሰገራው ላይ ካልፕሮቴክቲን፣ ወርደዋል ወይ? አንድ ነገር ሠራ የምንለው በእነዚህ ነው።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት ደግሞ የበሽታው ስም መታወቅ አለበት። «አሜባ ነው» ተብሎ በየጊዜው ሜትሮኒዳዞል የሚወስድ፣ ግን ደሙ የማይቆምለት ሰው ትልቁ አንጀቱ በካሜራ ቱቦ (ኮሎኖስኮፒ) ታይቶ ናሙና ሊወሰድለት ይገባል። በተለይ ቲቢ በብዛት ባለበት አገር የአንጀት ቲቢ ከክሮንስ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ሐኪምንም ያደናግራል። ክሮንስ ነው ተብሎ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ ቢጀመርና ቲቢ ሆኖ ቢገኝ ቲቢው ይዛመታል። እርድም ሆነ ተልባ ይህን ጥያቄ አይመልሱም፤ መልሱን ያዘገዩታል እንጂ።

ከሁሉም የተሻለ ማስረጃ ያለው እርድ ነው። ከሁሉም በላይ በተሳሳተ መጠን የሚወሰደውም እሱው ነው። በ2006 የወጣ የጃፓን ጥናት አልሰራቲቭ ኮላይተሳቸው ጋብ ያለላቸውን ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ለ6 ወር ተከታተለ። ሁሉም የተለመዱትን የኮላይተስ መድኃኒቶች፣ ሜሳላዚን ወይም ሰልፋሳላዚን፣ ይወስዱ ነበር፤ ግማሾቹ በዚያ ላይ ጠዋት 1 ግራም፣ ማታ 1 ግራም ኩርኩሚን (የእርዱ ዋና ንጥረ ነገር) ተጨመረላቸው። ኩርኩሚን ከወሰዱት 43 ሰዎች ያገረሸባቸው 2 ብቻ ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት 39 ሰዎች ግን 8 ናቸው። በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ቀላልና መካከለኛ ሕመም ከተነሳባቸው 50 ሰዎች ለግማሽ ያህሉ በሜሳላዚን ላይ በቀን 3 ግራም ኩርኩሚን ሰጥቶ በአንድ ወር ውስጥ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። ሁለቱም ጋ እርዱ የተሰጠው በመድኃኒቱ ላይ ተጨምሮ ነው፤ መድኃኒቱን ተክቶ አይደለም። ለክሮንስ ደግሞ ይህን ያህል ተስፋ የለም፤ በ2020 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት ክሮንስ ኖሮባቸው ቀዶ ሕክምና ላደረጉ ሰዎች ኩርኩሚን ማገርሸትን እንዳልተከላከለ አረጋግጧል።

አሁን ሂሳቡን እንሥራው። የእርድ ዱቄት ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ወደ 3 በመቶ ገደማ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት 3 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ ኩርኩሚኑ 0.1 ግራም እንኳ አይሞላም። ጥናቱ የተጠቀመበትን 2 ግራም ከዱቄት ለማግኘት በቀን 65 ግራም፣ ማለትም ከ20 የሻይ ማንኪያ በላይ መዋጥ ያስፈልጋል። ይህን የሚችል ሆድ የለም፤ የታመመ አንጀትማ ጭራሽ። ስለዚህ አልጫ ላይ የሚነሰነሰው እርድም ሆነ በወተት የሚፈላው እርድ ምግብ ነው፣ ደስ ብሎን እንበላዋለን እንጂ የሕክምና መጠን አይደለም። ዱቄቱን ለመግዛት የወሰነ ሰው ሥሩን ደረቅ እንዳለ ገዝቶ ቤት ቢወቅጠው ይሻላል። ተፈጭቶ የሚሸጥ እርድ ቢጫው እንዲደምቅ እርሳስ ያለበት ቀለም ተቀላቅሎበት የተገኘባቸው አገሮች አሉ። ወፍጮ ቤት ከተወሰደም ከእርዱ በፊት የተፈጨው በርበሬ ከሆነ የድንጋዩ ትራፊ እርዱ ውስጥ ይገባል፤ አንጀቱ የተቆጣ ሰው ደግሞ ያንን ወዲያው ያውቀዋል።

እንክብሉን በተመለከተ፣ ከአሜሪካም ሆነ ከዱባይ ዘመድ ሲልክ ብልቃጡ ፊት ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። «ቱመሪክ 1000 ሚሊግራም» የሚለው የሥሩን ዱቄት ክብደት ሊሆን ይችላል። ጀርባው ላይ «ኩርኩሚኖይድ» ተብሎ የተጻፈው መጠን ነው የሚቆጠረው፤ 95 በመቶ የሚል ከሆነ የተጣራ ነው ማለት ነው። ባዮፐሪን የሚባል የቁንዶ በርበሬ ንጥር የተጨመረበት በደም ውስጥ በብዛት ይገባል፤ ሻጮች እንደ ብልጫ ያወሩለታል። እኛ ግን ለዚህ ሕመም አንመርጠውም። የሚፈለገው ኩርኩሚኑ አንጀት ላይ እንዲደርስ ነው፣ የቁንዶ በርበሬው ንጥር ደግሞ የሌሎች መድኃኒቶችን መጠን በደም ውስጥ ይለዋውጣል። በቀላሉ እንዲዋሃዱ ተደርገው የተሠሩ የእርድ እንክብሎች ጉበት የጎዱባቸው ሰዎችም አሉ። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ምግብ ካስጠላ እንክብሉ በዚያው ቀን ይቁምና ጉበት ይመርመር። የሐሞት ጠጠር ያለበት እና ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ከነጭራሹ አይጀምረው።

ተልባ ላይ ስንመጣ የቤታችን ሙያ ለዚህ ሕመም የሚስማማ ነገር ይዟል፤ አሠራሩ ላይ ግን ልዩነት አለ። ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ በጥብጦ የሚጠጣው ተልባ ከነገለባው ስለሆነ አንጀቱ በተነሳበት ወቅት ይከብዳል። ለዚያ ጊዜ የሚሻለው የተቀቀለው ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ጥሬ፣ ያልተፈጨ ተልባ በግማሽ ሊትር ውሃ በዝግተኛ እሳት 10 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ፤ ውሃው እንደ እንቁላል ነጭ ሲዝለገለግ ይውረድ። ትኩስ እያለ ይጠለል፣ ከቀዘቀዘ ይወፍርና ከማጥለያው አልወርድ ይላል። ፍሬው ይጣላል፣ ዝልግልጉ በቀን ሁለት ጊዜ በግማሽ ግማሽ ብርጭቆ ይጠጣል። ማር ጠብ ማድረግ ይቻላል። ይህ ሆድ ያለሰልሳል፤ ደም ያቆማል ግን አንልም። የሚሟሟ አሰሩ በትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች ሲብላላ የአንጀትን ሽፋን የሚመግብ ቡቲሬት የሚባል አሲድ ይሰጣል፤ ተልባንም ሆነ ኢሳብጎልን (ሲሊየም የሚባለውን ፍሬና ገለባ) ተፈላጊ የሚያደርጋቸው ይህ ነው።

ተልባ ላይ የሚበላሸው ነገር ብዙ ጊዜ ሦስት ዓይነት ነው። የተፈጨው ከቆየ ዘይቱ ይሻግታል፤ ሲሸት እንደ ቀለም ቅባት ካለ ይጣል፤ ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ብቻ በቡና መፍጫ ፈጭቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ደረቁን ቅሞ ትንሽ ውሃ የሚጠጣ ሰው ደግሞ አንጀቱ ውስጥ ያብጥበታል፤ አንጀቱ ጠቧል የተባለ የክሮንስ ታማሚ ፍሬውን ጨርሶ አይንካ፤ መዘጋትን ያመጣል። ሦስተኛው፣ ከመድኃኒት ጋር አብሮ መጠጣት ነው፤ ዝልግልጉ መድኃኒቱን ይይዘዋል፤ ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ይኑር። ለጾመኛ ቤት የተልባ ፍትፍት የታወቀ ነው፤ አንጀቱ የተነሳበት ሰው በርበሬውን ትቶ በጨው ብቻ ቢበላው ይሻለዋል።

ኢሳብጎል በህንድ ሸቀጥ መደብሮችና በአንዳንድ ፋርማሲዎች ይገኛል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ወገኖቻችን ከየሱፐርማርኬቱ ያገኙታል። በ1999 በወጣ የስፔን ጥናት ኮላይተሳቸው ጋብ ያለላቸው ሰዎች በቀን ሁለት ጊዜ 10 ግራም ፍሬውን ወሰዱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ያገረሸባቸው ሲቆጠሩ ፍሬውን ብቻ ከወሰዱት 40 በመቶ፣ ሜሳላዚን ብቻ ከወሰዱት 35 በመቶ፣ ሁለቱንም ከወሰዱት 30 በመቶ ሆነ። ጥናቱ ትንሽ ስለነበረ ልዩነቱ ብዙ አያስደምድምም፤ ቢሆንም ይህን የሚያህል ውጤት ያሳየ የመደብር ዕቃ ብዙ የለም። አጀማመሩ በአንድ የሻይ ማንኪያ ገለባ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ነው፤ በጥብጦ ሳይረጋ በፊት መጠጣት፣ ከላዩ ሌላ ብርጭቆ መድገም። በየሳምንቱ ትንሽ ይጨመራል። መጀመሪያ ሰሞን መንፋቱ የተለመደ ነው። ጋብ ላለበት ወቅት ብቻ እንጂ ደም እየፈሰሰ አይጀመርም። ለኮላይተስ ታማሚ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ግዛ ብንባል የምንለው ኢሳብጎል ነው።

እሬት ላይ ግን እንጠንክር። በ2004 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት አሎቬራ የሚባለውን የእሬት ዓይነት ጄል 100 ሚሊሊትር በቀን ሁለት ጊዜ ለአራት ሳምንት ሰጥቶ ከ30 ሰዎች 9ኙ ሲሻላቸው፣ እሬት የሌለበትን ማስመሰያ ከጠጡት 14 ግን 1 ብቻ ተሽሎታል። ነገር ግን አንጀታቸው በመሣሪያ ሲታይ ጉልህ ልዩነት አልታየም፤ መጀመሪያ ያልነው መለያ እዚህ ነው የሚሠራው። ከዚህም በላይ የጥናቱ ጄል የተጣራ ነው። ከግቢ የሚቆረጠው እሬት ሲቆረጥ ከቅርፊቱ ሥር የሚንጠባጠበው መራራ ቢጫ ፈሳሽ ኃይለኛ የሚያስቀምጥ ነው፤ ፖታሲየም ያጥባል፤ ፕሬድኒሶሎን በሚወስድ ሰው ላይ ሲደመር ልብን ያስቸግራል። ቅጠሉን አቁሞ ማንጠባጠብና ማጠብ መራራውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ በየሜዳው የሚበቅሉት የእሬት ዓይነቶችም የተለያዩ ናቸው። ለአንጀት ብግነት የግቢ እሬት አይጠጣ። ኮሶና ሌሎች የሚያጥቡ መድኃኒቶችም እንዲሁ፤ ኮሶ የኮሶ ትል መድኃኒት ነው፣ የተቆሰለ አንጀት ላይ ጉዳት ነው።

አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ማር ለዚህ ሕመም የሚያበቃ ማስረጃ የላቸውም። ከታመመው ሆድ ጋር የማይጣሉ ከሆነ በምግብ ልክ ይበሉ።

እርጎ ጥሩ ነው፣ ከተፈላ ወተት ከተሠራ። እንደ አዛታዮፕሪን ወይም ፕሬድኒሶሎን ያለ የብግነት መድኃኒት የሚወስድ ሰው የሰውነቱ መከላከያ ስለሚዳከም ከጥሬ ወተት በሚረጋ እርጎ ብሩሴላና ቲቢ ሊይዘው ይችላል። ወተቱ ፈልቶ፣ ጣት እስኪችለው በርዶ፣ ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርጎ ተጨምሮበት በጨርቅ ተጠቅልሎ ይደር። የፋርማሲ ፕሮባዮቲክ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ለኮላይተስ በደንብ የተጠናው ኢ ኮላይ ኒስል 1917 የሚባለው ዝርያ ነው፤ ብልቃጡ ላይ የዝርያው ስም ካልተጻፈ ገንዘቡን ይዞ መውጣት ነው።

ስም የሌለው፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ «የአንጀት ውህድ» አይገዛም። በተለያዩ አገሮች ስቴሮይድ ተቀላቅሎባቸው የተያዙ የዕፅዋት መድኃኒቶች አሉ። በሦስት ቀን ደም አቁሞ ፊት የሚያሳብጥ ጠርሙስ ሊያጠራጥር ይገባል፤ ለሳምንታት ከተወሰደ በኋላም በድንገት ሳይሆን በሐኪም ምክር ነው የሚቆመው። ለራስ ምታትና ለመገጣጠሚያ ተብለው የሚዋጡት ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ሕመሙን ሊያስነሱ ስለሚችሉ ፓራሲታሞል ይመረጣል።

ሜሳላዚን ውድ ነው፣ ሁልጊዜም አይገኝም፤ ብዙዎች ወደ እርድ የሚዞሩት ለዚህ እንደሆነ እናውቃለን፣ ያሳዝናልም። ከማቋረጥ በፊት ግን ለኮላይተስ ሰልፋሳላዚን ይሆነኝ እንደሆነ ሐኪምን መጠየቅ ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ ዋጋው ዝቅ ይላል። ፎሊክ አሲድ ግን አብሮት መወሰድ አለበት። በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ደም ያለው ተቅማጥ ከትኩሳት ወይም በደቂቃ ከ90 በላይ ከሚመታ የልብ ምት ጋር ከመጣ፣ ከላይ ከተጠቀሰው አንዱም አይሞከርም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው።

እስከዚያ፣ በመንገድም ላይ፣ ርካሹና አስተማማኙ ዕቃ ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት) ነው። ፓኬቱ ከሌለ በአንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ጫፉ የተስተካከለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው ከበዛ ጉዳት አለው፤ ሲቀመስ ከእንባ በላይ ከጨወየ ተደፍቶ እንደገና ይበጥበጥ። ፉት እያሉ ቀስ በቀስ ይጠጣል፤ የተረፈው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል።