ከሰርቨር የወጣ ፓወር ሰፕላይ ለአማተር ሬዲዮ ይሆናል?

ይሆናል። ያውም በደንብ። ግን ከሣጥኑ አውጥቶ መሰካት ብቻ አይደለም።

የኔው ከአገልግሎት ከወጣ ሰርቨር የተነቀለ ነው። መለያው ላይ 12 ቮልት፣ 47 አምፔር ይላል። በአንድ እጅ ብድግ ይላል። ይህን ያህል አምፔር የሚሰጥ የድሮ ባለ ትራንስፎርመር ሰፕላይ ለማንሳት ግን ወገብ ይጠይቃል። 100 ዋት የሚያስተላልፍ የኤችኤፍ (የአጭር ሞገድ) ሬዲዮ ሲያስተላልፍ ከ20 እስከ 23 አምፔር ቢስብ ነው። ስለዚህ በአምፔር በኩል ሐሳብ የለም። ሰርቨር ሌት ተቀን እንዲሠራ የተሰናዳ ዕቃ ስለሆነ ረጅም ጥሪ ስጠራ እንኳ ለብ ከማለት አያልፍም።

ነገሩ ያለው ቮልቴጁ ላይ ነው። ሬዲዮዎቻችን የተሠሩት ለ13.8 ቮልት ነው። የአይኮም አይሲ-7300 መመሪያ 15 በመቶ ከፍና ዝቅ ማለትን ይፈቅዳል። ታችኛው ጫፍ ሲሰላ 11.7 ቮልት ገደማ ይመጣል። ይህን አይቶ “እንግዲያው 12 ይበቃል” የሚል ብዙ ነው። ሽቦውስ? 2 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ፣ በ20 አምፔር 0.34 ቮልት ያህል ይበላል። ከ12 ላይ ቀንሱት፤ 11.66 ይቀራል። ከተፈቀደው በታች ነው ማለት ነው። ያኔ የሚወጣው ኃይል ይቀንሳል፣ ድምፅ ይበላሻል፣ አንዳንዱ ሬዲዮም መሐል ላይ ድርግም ይላል። ስለዚህ መልቲሜትሩን ሰፕላዩ አፍ ላይ ሳይሆን ሬዲዮው መሰኪያ ጋ አድርጉት። ለኩ ስል ደግሞ እያስተላለፋችሁ ነው፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሬዲዮ የሚያሳየው ቁጥር ምንም አይነግራችሁም።

የኔው ውስጥ ቮልቴጅ ማስተካከያ ትንሽ ብሎን አለች። ሁሉም ሞዴል ላይ የለችም፤ ከመግዛታችሁ በፊት አጣሩ። በቀስታ አዙሬ 13.5 ላይ ተውኳት። ሙሉ ኃይል ሳስተላልፍ ሬዲዮው ጋ 13.2 አካባቢ አነባለሁ፣ ለኔ ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ በላይ መግፋት አልፈለግኩም። እነዚህ ዕቃዎች ቮልቴጁ ሲያልፍ ራሳቸውን የሚያጠፉበት መከላከያ አላቸው፤ መውጫው ላይ ያሉት ካፓሲተሮችም ብዙውን ጊዜ የ16 ቮልት ናቸው።

ክዳኑን የምትከፍቱ ሰዎች፣ እባካችሁ ይህን በቁም ነገር ያዙት። ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ወደ 400 ቮልት ይይዛል። ገመዱ ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም ይቆያል። ይገድላል። ጠብቁ፣ ከዚያ በመልቲሜትር አረጋግጡ፣ ከዚያ ንኩ። ኤሌክትሪክ ላይ ልምድ ከሌላችሁ ክዳኑን አትንኩት፤ በወፍራምና አጭር ሽቦ ብቻ ብዙ ርቀት ትሄዳላችሁ።

ማስነሳቱ ቀላል ነው። ብቻውን ሲሰካ ዝም ይላል፣ ምክንያቱም ሰርቨሩ “ተነስ” እስኪለው ይጠብቃል። ከወፍራሞቹ የመዳብ ምላሶች ጎን ካሉት ቀጫጭን እግሮች የተወሰኑትን በማገናኘት ይነሳል። የትኞቹ እንደሆኑ በየሞዴሉ ይለያያል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መሰኪያ ሰሌዳ አብሮ ካገኛችሁ ውሰዱት፣ ከብየዳ ያድናችኋል።

አሁን ወደሚያበሳጨው። ጫጫታ። አንዱ የፋኑ ነው፤ ትንሽና ፈጣን ስለሆነ ያፏጫል። ነቅሎ መጣል ግን አይሆንም፣ ዕቃው የሚቀዘቅዘው በሱ ነው። እኔ ረዘም ያለ ሽቦ ከምጠቀም ብዬ ከጠረጴዛው ሥር አደረግኩት። ሁለተኛው ሪሲቨሩ ውስጥ የሚገባው ነው፤ እሱ ይበልጣል። 40 ሜትር ባንድ ላይ (7 ሜጋኸርዝ አካባቢ) ድግግሞሹን ቀስ እያላችሁ ስታዞሩ በየተወሰነ ርቀት ሻካራ “ሽ...” የሚል እብጠት ታገኛላችሁ። ደካማ ጣቢያ ከሥሩ ካለ አለቀለት። ምንጩ ሰፕላዩ መሆኑን ለማወቅ ሬዲዮውን በባትሪ አስነሱና ሰፕላዩን እያበራችሁ እያጠፋችሁ ስሙ። ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። ለኔ የረዳኝ የዲሲውንም የግድግዳውንም ገመድ ለየብቻ፣ ለኤችኤፍ በሚሆነው ባለ 31 ቁጥር ፌራይት ቀለበት (በገመድ የሚመጣ የሬዲዮ ጫጫታ የሚያፍን ማግኔታዊ ቀለበት) ላይ ደጋግሞ መጠምጠም ነው። እብጠቶቹ ሙሉ በሙሉ አልጠፉም፤ ከአንቴናው የተፈጥሮ ሹክሹክታ በታች ግን ወርደዋል።

ኔጋቲቩ አብዛኛውን ጊዜ ከብረት ሣጥኑና ከኧርዝ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ 24 ቮልት ፈልጋችሁ ሁለቱን እንዲሁ በተከታታይ እንዳታያይዙ። ፖዘቲቩ ላይ ደግሞ፣ ከመውጫው ሳይርቅ፣ የ25 ወይም የ30 አምፔር ፊዩዝ አስገቡ። 47 አምፔር በተላጠ ሽቦ ላይ ሲፈስ ጠረጴዛ ያቃጥላል።