ቶንሲሉ ይውጣ ወይስ እንታገሥ?

የደሴ ብርድ ሲጠና የልጄ ቶንሲልም አብሮ ይነሳል። ሰባት ዓመቱ ነው። ምራቁን ሲውጥ ፊቱን ያጨማድዳል።

ማስወጣቱ ግልግል ይመስላል። ግን ማደንዘዣ አለው፣ ሊደማ ይችላል፣ ጉሮሮውም አንድ ሁለት ሳምንት ያማል። ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ የሚያስቡት በዓመት 7 ጊዜ፣ ለ2 ዓመት በየዓመቱ 5 ጊዜ፣ ወይም ለ3 ዓመት በየዓመቱ 3 ጊዜ ክፉኛ ሲያመው ነው።

መጠበቅ ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ አይደለም። ባክቴሪያ ከሆነና አሞክሲሲሊን ከታዘዘ 10 ቀን ሙሉ ይወሰዳል። በሦስተኛው ቀን «ተሻለው» ብዬ ጠርሙሱን መደርደሪያ ላይ የረሳሁት እኔው ነኝ! በደንብ ያልታከመ እስከ ልብ ሕመም ሊያደርስ ይችላል።

ብዙ ልጆችን ሲያድጉ ይተዋቸዋል። ዘንድሮ 4 ጊዜ ነው የታመመው፤ እንጠብቃለን። እንጥል ማስቆረጥ? እሱስ ምርጫ ውስጥም አይገባ።