ኪሎውን ያውቃል፣ ቦርጩን ግን አያይም (የስማርት ሚዛን ሪቪው)

ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኘውን የመስታወት ሚዛን መርካቶ ከገዛሁ 3 ወር ሊሞላኝ ነው፣ "ይገዛል ወይ?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ ልጻፈውና ልገላገል። ብራንዱን ተዉት።

ኪሎ ላይ አሪፍ ነው። መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጠው የሰፈራችን ልጅ ጋም ሄጄ አስተያየሁት፣ እዛም 66 እዚህም 66። ብቻ ምንጣፍ ላይ ካስቀመጣችሁት ይዋሻል፣ ሊሾ ወይ ሴራሚክ ላይ አድርጉት፣ ጠዋት ቁርስ ሳትበሉ ውጡበት።

ጉዱ ያለው አፑ ላይ ነው። ቢኤምአይ (ኪሎ ከቁመት ጋር ሲመዛዘን የሚወጣ ቁጥር) 23.4 ብሎ በአረንጓዴ "ጤናማ" አለኝ፣ ደስ ብሎኝ ስክሪንሾቱን ለባለቤቴ ላክሁላት፣ እሷ ደግሞ "ቦርጭህን አይቶታል?" ብላ መለሰችልኝ፣ ከዛ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ለካ ምንም ሚስጥር የለውም፣ 66 ኪሎዬን ለቁመቴ ለ1.68 ሜትር ታካፍላለህ፣ የመጣውን እንደገና ለ1.68፣ አለቀ። ከ18.5 በታች ቀጭን፣ እስከ 25 ጤናማ፣ ከዛ በላይ ከመጠን ያለፈ፣ ከ30 ጀምሮ ውፍረት። ቀመሩ ኬትሌት ከሚባል ቤልጅየማዊ የስታትስቲክስ ሰው በ1830ዎቹ የመጣ ነው፣ ሰውየው ሐኪም አልነበረም፣ የሚያጠናው የብዙ ሰው አማካይ ነበር።

ጂም የሚሰራው ወንድሜ (1.72፣ 84 ኪሎ) ሲወጣበት 28.4 ብሎ በብርቱካናማ አስጠነቀቀው። ልጁ ሆድ የሚባል ነገር የለውም፣ ሁሉም ጡንቻ ነው። እማዬ ደግሞ ሁለታችንንም አይታ "ምነው ከሳችሁ" አለች፣ የሷ ሚዛን ሌላ ነው።

የስብ ፐርሰንቱንማ አትመኑት። በእግር በኩል የማይሰማ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይልካል፣ ውሃ ያሳልፈዋል ስብ ያስቸግረዋል፣ ከዛ ተነስቶ ይገምታል። ባንዱ እግር ገብቶ በሌላው ስለሚወጣ ሆድ ጋ ብዙም አይደርስም፣ ቀሪውን ከቁመት ከእድሜና ከፆታ ነው የሚሞላው። ጠዋት 21 ማታ 18 ፐርሰንት ብሎኛል፣ ባንድ ቀን! ደግሞ ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) የተገጠመለት ሰው እንዳይወጣበት፣ ይሄን ሻጩ አልነገረኝም።

እኛን የሚነካው ነገር ደግሞ ይሄ ነው፦ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ የብዙ ሕዝቦችን ጥናት የሰበሰበ ስራ፣ ከነጮች ጋር እኩል ስብ ያለው ኢትዮጵያዊ ቢኤምአዩ በ4.6 ገደማ ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ አሳይቷል። እንደዛ ከሆነ የኔ 23.4 ፈረንጅ ላይ 28 እንደማለት ነው በሉት። ለእስያ ሰዎች የዓለም ጤና ድርጅት 23ንም እንደ ማስጠንቀቂያ መስመር አስቀምጧል፣ አፑ ግን ለሁላችንም ያቺኑ 25 ብቻ ነው የሚያውቀው።

ስለዚህ የልብስ ሰፊ ሜትር ገዛሁ፣ ከሚዛኑ ጋር ሲተያይ ዋጋው ምንም ነው። ወገብ ከቁመት ግማሽ ባይበልጥ ጥሩ ነው ይባላል፣ የኔ ግማሽ 84 ነው፣ ወገቤ 92 ወጣ። አረንጓዴው ሰውዬ እኔ ነኝ እንግዲህ።

ኪሎ ለመከታተል ከሆነ ግዙት፣ ለሌላው ብር አትጨምሩ። እኔ ከስራ ስመለስ ታክሲ ትቼ በእግሬ መሄድ ጀምሬ ወገቤ 88 ገብቷል፣ ኪሎዬ ግን ያው 66 ነው፣ አፑም እስካሁን "ለውጥ የለም" እያለኝ ነው።