ትምህርት ቤት አጠገብ ቤት መከራየት፦ በየትኛው አጥር በኩል?

ደላላ «ትምህርት ቤት አጠገብ ነው» ካለ ዋጋ ሊጨምር ነው። ልጅ ላለው ተከራይ ቃሉ ይጥማል፤ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ብዙ ሰው ለመስከረም ብሎ ቤት በሚቀይርበት ጊዜ። ግን በእነዚህ ሁለት ወራት ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። ሜዳው ሣር አብቅሎ፣ በሩ ላይ አንድ ዘበኛ ብቻ ተቀምጦ ያዩት ቤት፣ መስከረም ላይ ሌላ ቤት ሆኖ ይጠብቅዎታል። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ስለዚህ ከመፈረም በፊት ጠጋ ብሎ ማየት ይበጃል።

ግምገማው አዲስ አበባን፣ ኮንዶሚኒየሞችንና ቪላ ሰፈሮችን ይመለከታል። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ስንት ሜትር ይርቃል?» ነው። መጠየቅ ያለበት «በየትኛው አጥር በኩል ነው?» የሚለው ነው። አንድ ትምህርት ቤት አራት ጎረቤት አለው፤ አራቱም የሚኖሩት የተለያየ ኑሮ ነው።

በበሩ በኩል

ከጠዋቱ 1፡15 እስከ 2፡20 መንገዱ የሰርቪስና የወላጅ መኪና ነው። ትምህርቱ በፈረቃ ከሆነ እኩለ ቀን ላይ ገቢና ወጪ ተማሪ ይገናኛል፤ ግርግሩ በቀን ሦስቴ መሆኑ ነው። ከግቢዎ በመኪና የሚወጡ ከሆነ ከ1፡10 በፊት ይውጡ፣ አለዚያ 2፡30ን ይጠብቁ። «በር ላይ መኪና ማቆም ክልክል ነው፣ ጎማ እናተነፍሳለን» የሚል ጽሑፍ ያለበት በር ካዩ፣ ነገሩ ከዚህ በፊት እንደመረራቸው ይረዱ። ጽሑፉ ብዙም አይሠራም፤ ልጁን ሊያወርድ የቆመ ወላጅ «አንድ ደቂቃ ብቻ» ነው መልሱ።

በሌላ በኩል ታክሲ አይቸግርም፤ ፎቶ ኮፒ፣ ደብተር፣ ሳምቡሳና ዳቦ ከደጅ ነው፤ ቀን ላይ የሰው ዓይን ስለማይጠፋ ቤት ዘግቶ መሄድ ያን ያህል አያስፈራም። ሱቅ ለመክፈት ላሰበ የሚመረጠው ይህ ወገን ነው፤ ነገር ግን ስሌቱን በ10 ወር ገቢ ይሥራ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የደብተር ሱቅ ኪራዩን እንኳ ላይሸፍን ይችላል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ አካባቢውን በደንብ ይመልከቱ፦ ጫት ቤትና ሺሻ ቤት አለ ወይ? ወረዳው በየጊዜው «አዋኪ ቤቶች» እያለ ያሽጋል፤ በሌላ ስም መከፈታቸው ግን አይቀርም።

በሜዳው በኩል

ብዙ ሰው «ክፍት እይታ አለው» ብሎ የሚወስደውና በኋላ የሚጸጸትበት ወገን ይህ ነው። ቀኑ የሚጀምረው በሰልፍ ነው፦ ሰንደቅ ዓላማ፣ ብሔራዊ መዝሙር፣ ከዚያ የርዕሰ መምህሩ ማሳሰቢያ። በረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያው ይከፈታል። የድምፅ ማጉያው አፍ የዞረው ወደ ሰልፉ ነው፤ ከሰልፉ ጀርባ ያለው ፎቅ ሙሉውን ይቀበላል። ስለዚህ ቤቱን ሲያዩ ባንዲራውን ሳይሆን ማጉያው የተሰቀለበትን ይፈልጉ። ደወሉ የተንጠለጠለ ቸርኬ ከሆነ ድምፁ ስለታም ነው፤ በተዘጋ መስኮትም ያልፋል። የአገራችን መመዘኛ ለመኖሪያ ሰፈር በቀን 55 ዴሲቤል፣ በሌሊት 45 ነው። በስልክ መተግበሪያ መለካት ትክክለኛውን ቁጥር ባይሰጥም በመኝታ ቤቱና በሳሎኑ መካከል ያለውን ልዩነት ያሳያል።

ቀጥሎ አቧራው። ሣር የሌለው ሜዳ ከኅዳር ጀምሮ ይደርቃል። በበጋ የአዲስ አበባ ነፋስ በአብዛኛው ከምሥራቅ ስለሚነፍስ፣ ከሜዳው በስተምዕራብ ያለ ቤት ልብስ የሚያሰጣው በግምት ነው። ይኸው ቤት ሌላም ጣጣ አለው፦ ኢትዮሳት የሚያዘው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ስለሆነ ዲሹ ወደ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ ይዞራል። ሜዳው በዚያ አቅጣጫ ከሆነ ዲሹ ፊቱን ለኳስ ሰጠ ማለት ነው። ኳስ መትቶት በጥቂት ዲግሪ ቢዞር ምስሉ ይጠፋል፤ ሠራተኛ ሲጠሩ «ኤልኤንቢው (የዲሹ መቀበያ) ተቃጥሏል» ቢልዎት አዲስ ከመግዛትዎ በፊት አቅጣጫውን ያስለኩት። ዲሹን ከበረንዳ አንስቶ ጣሪያ ላይ መትከል ይሻላል። እሑድ ማለዳ ደግሞ የሰፈር ወጣቶች ይጫወታሉ፤ «ቅዳሜና እሑድ ፀጥ ነው» የሚለው የደላላ ቃል ለሜዳው ወገን አይሠራም።

በሽንት ቤቱና በማብሰያው በኩል

ሽንት ቤት በአብዛኛው የሚሠራው በግቢው ጥግ፣ አጥሩን ተጠግቶ ነው። በሐምሌ ዝናብ አጥቦት፣ ተማሪም ስለሌለ አይሸትም። በሚያዝያ ሙቀት፣ ውኃ በጠፋበት ቀን፣ ነገሩ ይቀየራል። በአጥሩ ላይ የሚታይ የጭስ ማውጫ የመሰለ ረጅም ቱቦ የጉድጓዱ መተንፈሻ ነው፤ መስኮትዎ ከእሱ ትይዩ ከሆነ ቤቱን ይተዉት። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ምገባ አለ፤ ወጥ ቤቱ በእንጨት የሚያበስል ከሆነ ጭሱ ከማለዳ ይጀምራል። የጠቆረ የቆርቆሮ ጣሪያ ምልክቱ ነው።

በክፍሎቹ ጀርባ

የምንመክረው ይህንን ነው። የመማሪያ ክፍሎቹ ራሳቸው እንደ ግድግዳ ሆነው የሜዳውን ድምፅ ይከልላሉ። የሚሰማው የመምህር ድምፅና ታናናሾቹ በኅብረት የሚቆጥሩት ቁጥር ነው። የኋላ በር አለመኖሩን ብቻ ያረጋግጡ፤ ካለ ለተማሪ የሚከፈት መሆኑን ዘበኛውን ይጠይቁ። ከአጥሩ ሁለት ሦስት ቤት ገባ ያለ፣ ከበሩ በእግር አምስት ደቂቃ የሚወስድ ቤት ከአጥር ተጎራባቹ ይሻላል፤ ልጁ እኩል ይደርሳል፣ እርስዎ ግን ይተኛሉ።

ሒሳቡ

ሰርቪስ የሚከፈለው ለ10 ወር ነው፣ ኪራይ ለ12። ለምሳሌ የቅርቡ ቤት በወር 3,000 ብር ከበለጠ በዓመት 36,000 ነው። የአንድ ልጅ ሰርቪስ በወር 2,500 ቢሆን 25,000 ይመጣል፤ በአንድ ልጅ አያዋጣም፣ በሁለት ልጅ ያዋጣል። ብሩን ተዉትና፣ ልጁ በጠዋት የሚያተርፈው የአንድ ሰዓት እንቅልፍ ለብዙ ወላጅ ከዚህ ሒሳብ ይበልጣል። ባለቤቱ መስከረም ላይ «ሰፈሩ ተፈላጊ ሆነ» ብሎ ኪራይ ቢጨምር በአዋጁ አይፈቀድለትም፤ ጭማሪ የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ በሚያሳውቀው ልክ ነው። ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም።

ሳይታሰብ የሚቀረው የክፍል ደረጃው ነው። በአዲሱ አደረጃጀት አንደኛ ደረጃ እስከ 6ኛ፣ መካከለኛው 7ኛና 8ኛ፣ ሁለተኛ ደረጃ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ነው። ልጅዎ 5ኛ ክፍል ከሆነና ትምህርት ቤቱ በ6ኛ የሚያበቃ ከሆነ፣ ለሁለት ዓመት የፈረሙት ውል ከቅርበቱ ጋር እኩል ያልቃል። ትምህርት ቤቱ በኪራይ ቪላ ውስጥ ያለ የግል መዋዕለ ሕፃናት ከሆነ ደግሞ የግቢው ባለቤት ማን እንደሆነ ይጠይቁ፤ የእነሱም ውል ያልቃል፣ እነሱም ይለቅቃሉ።

ከመፈረም በፊት

ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ የሚያሳይ ደላላ አይመኑ። በትምህርት ወቅት ከሆነ ሰኞ 1፡45 ላይ፣ በረፍት ሰዓት፣ በመውጫ ሰዓትና እሑድ ማለዳ፣ በጠቅላላው አራት ጊዜ ይሂዱ። ክረምት ላይ ከሆነ ከሥር ያለውን ባለሱቅ ይጠይቁ፤ ደላላ የማይነግርዎትን እሱ ይነግርዎታል። የማታ ትምህርት መኖሩንም አብረው ይጠይቁት። ሰኔ 30 ላይ ምን እንደሚሆን ቢጠይቁት ግን ይስቃል፤ ዓመት ሙሉ የተቋጠረ ቂም የሚወጣው ያን ቀን ከግቢ ውጭ ነው፣ መኪናዎን ሌላ ቦታ ያቁሙ።

ገብተው ከሆነ

ለድምፅ መጀመሪያ የሚሠራው መስታወት አይደለም። ወረቀት በመስኮቱ መዝጊያና በፍሬሙ መካከል አስገብተው ይዝጉ፤ ወረቀቱ ሳይያዝ ከወጣ፣ ድምፁም አቧራውም በዚያው ይገባል። የኮንዶሚኒየም የብረት መስኮት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። መዝጊያው ዙሪያ የሚለጠፍ ጎማ፣ በማይከፈተው ክፍል ዙሪያ ሲሊኮን፤ ይህ ካለቀ በኋላ ነው ቀጭኑን መስታወት በ6 ሚሊ ሜትር መቀየር የሚያዋጣው። መስታወቱን ቀይረው ክፍተቱን ከተዉት ገንዘቡ ባክኗል። ወፍራም መጋረጃ የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳል እንጂ ቸርኬውን አያስቆምም። ማጉያውን በተመለከተ ብቻዎን ሄደው ከሚያማርሩ ከጎረቤት ጋር ሆነው በወላጅ ኮሚቴው በኩል አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ አፉ ወደ መሬት ዘንበል ይበል። መሰላልና መፍቻ እንጂ በጀት አይጠይቅም።